ታንኩ ከወጣ በኋላ፦ የድሮ ማደያ ሥር ያለውን ውሃ እንዴት እንከታተላለን

«የነዳጅ ታንኩ እኮ ተቆፍሮ ወጥቷል። ታዲያ እነዚህ ጉድጓዶች እስከ መቼ ነው የሚለኩት?» በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ማደያ ያላቸው ወይም የድሮ ማደያ ቦታ የገዙ ወገኖቻችን መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ከብዙዎቹም ኪስ ነው የሚወጣው። ግን ታንኩ ሲወጣ የፈሰሰው ነዳጅ አብሮት አይወጣም። ከፊሉ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ተጣብቆ ይቀራል። ከፊሉ ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። ከፊሉ ደግሞ ሟምቶ ከውሃው ጋር ይጓዛል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። የሰው የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ድረስ ሊሄድ ይችላል፤ ሲሄድም ማንም አያየውም።

ሥራዬ የከርሰ ምድሩ ውሃ መበከሉን ለማወቅ ከተቆፈሩት ከእነዚህ የክትትል ጉድጓዶች ናሙና መቅዳት ነው። ይህን የምጽፈው ሥራውን ገና ለጀመሩ ልጆችና ሪፖርቱ በየሦስት ወሩ ለሚደርሳቸው ባለንብረቶች ነው። ሁለቱም እንዲይዙልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ላብራቶሪ የሚልከው ቁጥር ብቻውን አይነበብም። ናሙናው በተቀዳበት ቀን ውሃው ስንት ጫማ ላይ ነበር ከሚለው ጋር ነው የሚነበበው። ይህን ያላወቀ ሰው ባልተበከለ ነገር ይደነግጣል፤ ባልጸዳ ነገር ደግሞ ይደሰታል።

የምንፈልገው ምንድን ነው?

ላብራቶሪው መጀመሪያ የሚፈልጋቸው አራት ናቸው፦ ቤንዚን፣ ቶሉይን፣ ኤቲልቤንዚን እና ዛይሊን። እዚህ ጽሑፍ ላይ ቤንዚን ስል ኬሚካሉን ነው፤ መኪና ውስጥ የምንቀዳውን ነዳጅ እለዋለሁ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ ለቶሉይን 1,000 ማይክሮግራም በሊትር፣ ለኤቲልቤንዚን 700፣ ለዛይሊን 10,000 ነው። ለቤንዚን ግን 5 ብቻ። ቤንዚን የደም ካንሰር ስለሚያመጣ ነው እንዲህ የጠበቀው። ስለዚህ ሪፖርት ሲደርሳችሁ ዓይናችሁ መጀመሪያ የቤንዚን ረድፍ ላይ ይረፍ።

በዚህ አካባቢ አምስተኛ ስም አለ፤ ኤምቲቢኢ። አሜሪካ ውስጥ ከ1979 ጀምሮ ነዳጅ ውስጥ ይጨመር ነበር። በ1990ዎቹ አጠቃቀሙ በጣም ጨመረ፤ 2006 ላይ ደግሞ ኩባንያዎቹ በብዛት ተዉት። በእነዚያ ዓመታት ያፈሰሰ ማደያ ኤምቲቢኢም መሬት ውስጥ ትቶ አልፏል። ይሄ ነገር አፈር ላይ አይጣበቅም። ውሃው በሄደበት ፍጥነት አብሮ ይሄዳል፤ ባክቴሪያም ቶሎ አይበላውም። ስለዚህ ከሌሎቹ ቀድሞ ሩቅ የሚደርሰው እሱ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሳንታ ሞኒካ ከተማ 1996 ላይ ዋና ዋና የውሃ ጉድጓዶቿን የዘጋችው በኤምቲቢኢ ምክንያት ነው። ከቦታው ድንበር ላይ ያለው ጉድጓድ ቤንዚን ሳያሳይ ኤምቲቢኢ ካሳየ አትናቁት። መንገደኛው መድረሱን እየነገራችሁ ነው።

ማደያው በጣም ያረጀ ከሆነ፣ ሊድ ያለበት ነዳጅ በሚሸጥበት ዘመን የነበረ ከሆነ፣ ከሊዱ ጋር አብሮ ይጨመር የነበረውን ኢዲቢ የሚባል ኬሚካልም ጠይቁ። ጣሪያው 0.05 ማይክሮግራም ነው። የተለመደው 8260 የሚባለው ምርመራ እዚያ ድረስ ወርዶ ማየት አይችልም። 8011 የሚባለው ለብቻው መታዘዝ አለበት። ካልታዘዘ «አልተገኘም» የሚለው ውጤት ምንም አይነግራችሁም።

መጀመሪያ ውሃው ይለካ

የክትትል ጉድጓድ ብዙውን ጊዜ ሁለት ኢንች ስፋት ያለው የፒቪሲ ቱቦ ነው። የታችኛው ክፍል ውሃ የሚያስገባ ቀጫጭን ስንጥቅ አለው። ይህ ስንጥቅ ያለው ክፍል የውሃውን ወለል ከላይም ከታችም ማቀፍ አለበት። ውሃው ከስንጥቁ በላይ ከወጣ የተንሳፈፈው ነዳጅ ወደ ጉድጓዱ መግባት አይችልም፤ ውጭ ተቀምጦ እናንተ ጉድጓዱ ንጹህ ነው ትላላችሁ። የጉድጓዱን የቁፋሮ መዝገብ ይዛችሁ ሂዱ። ስንጥቁ ከስንት ጫማ እስከ ስንት ጫማ እንደሆነ እዚያ ተጽፏል።

ቦታው ላይ ስትደርሱ ሁሉንም ጉድጓዶች ክፈቱ። መኪና በሚያልፍበት ከሆነ ኮኑን አስቀምጡ፤ አንጸባራቂ ሰደርያችሁን ልበሱ። ብሎኖቹን ፍቱና የውስጠኛውን ክዳን አንሱ። አንዳንዱ ሲከፈት «ፕሽ» ይላል። አየር ታፍኖ ቆይቷል ማለት ነው፤ ውሃው ገና ቦታውን አልያዘም። ጊዜ ስጡት። ሌሎቹን ከፍታችሁ እስክትመለሱ ይረጋጋል። ቸኩላችሁ ከለካችሁ የውሃውን ሳይሆን የታፈነውን አየር ግፊት ነው የለካችሁት።

ከዚያ ማንኛውንም ፓምፕ ከማስነሳታችሁ በፊት የሁሉንም ጉድጓድ ጥልቀት በተከታታይ ለኩ። ኢንተርፌስ ፕሮብ የሚባለው በሜትር ገመድ ጫፍ ላይ ያለ መሣሪያ ነዳጅ ሲነካ አንድ ዓይነት፣ ውሃ ሲነካ ሌላ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ባልዲ ውሃ ላይ ሞክሩት። የምትለኩት ከቱቦው አናት ላይ ከተቀረጸው ምልክት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰሜን በኩል ነው ያለው። እስከ ጫማ መቶኛ ድረስ ጻፉ። ሁለቴ ለኩ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ለኩ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የቱቦው አናት ከፍታ 100.00 ጫማ ነው እንበል። ፕሮቡ ነዳጅ 12.20 ላይ፣ ውሃ 12.45 ላይ አገኘ። የነዳጁ ውፍረት 0.25 ጫማ ነው። ነዳጁ ውሃውን ወደ ታች ስለሚጫነው 87.55 ብላችሁ አትተዉት። ነዳጅ ክብደቱ ከውሃ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ 0.25ን በ0.75 አባዙና ጨምሩበት። 87.74 ይመጣል። ይህን እርማት ሳያደርጉ የተሳለ ካርታ ውሃው ወደ ተሳሳተ ጎረቤት ይፈሳል ሊል ይችላል።

አቅጣጫ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ ሦስቱም በአንድ መስመር ላይ መሆን የለባቸውም። ከፍ ካለው ወደ ዝቅተኛው ነው የሚፈሰው። ግን በዚህ በኛ አካባቢ፣ ከባልቲሞር እስከ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከቀዩ አፈር ሥር የተሰነጣጠቀ ዓለት አለ። ውሃው እዚያ ከገባ ካርታውን ሳይሆን ስንጥቁን ነው የሚከተለው። 2006 ላይ ባልቲሞር ካውንቲ፣ ጃክሰንቪል ውስጥ ከአንድ ማደያ ወደ 26,000 ጋሎን ነዳጅ ፈስሷል። ከአንድ ወር በላይ ማንም አላወቀም። የሰፈሩ ሰው የሚጠጣው ከየግቢው ጉድጓድ ነበር፤ ከሥሩም ዓለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ መሬት ላይ «ቁልቁለቱ ወደዚያ ስለሆነ የወዲህኞቹ አይነኩም» የሚል ሪፖርት ካያችሁ፣ የወዲህኞቹ ቤቶች ጉድጓድ ተመርምሮ እንደሆነ ጠይቁ።

ናሙና አቀዳድ

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ቁጥሩ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄዱ መኪናችሁን ነዳጅ አትሙሉ። ከማታው ሙሉት። እጃችሁ ላይ፣ ልብሳችሁ ላይ የቀረው ትነት ብልቃጡ ውስጥ ይገባል። ጄኔሬተር ካለ ነፋሱ ወደ እናንተ ከሚያመጣው በኩል አታስቀምጡት። ሽታ ባለው ማርከር አትጻፉ፤ እስክሪብቶ ይበቃል። ከንጹህ ጉድጓድ ጀምራችሁ በጣም በተበከለው ጨርሱ። በየጉድጓዱ አዲስ ጓንት፣ አዲስ ቱቦ። ፕሮቡንና ፓምፑን በየመሃሉ በሳሙና እጠቡ፤ በተጣራ ውሃ አለቅልቁ።

በድሮው አሠራር ቤይለር የሚባል ቀጭን መቅጃ ወደ ጉድጓዱ እየተወረወረ ውሃው ይቀዳ ነበር። ውሃውን ያናውጠዋል፤ ደለሉን ያስነሳል፤ የሚተነውንም ያተነዋል። እኔ በቀስታ መሳብን ነው የምመርጠው። ፓምፑ በደቂቃ ከ100 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ብቻ ይሳብ። ውሃው ከአንድ ሦስተኛ ጫማ በላይ መውረድ የለበትም። ከወረደ ፍጥነቱን ቀንሱ። በየሦስት ወይም በየአምስት ደቂቃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ)፣ ኮንዳክቲቪቲ (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ)፣ የሟሟ ኦክስጅንና ድፍርስነት ይመዝገብ። ሦስት ተከታታይ ንባቦች ሲቀራረቡ፣ ማለትም ፒኤች በ0.1 ውስጥ፣ ኮንዳክቲቪቲ በ3 በመቶ ውስጥ፣ ኦክስጅንና ድፍርስነት በ10 በመቶ ውስጥ ሲሆኑ፣ አሁን የሚመጣው ቱቦው ውስጥ ተኝቶ የከረመው ውሃ ሳይሆን የመሬቱ ውሃ ነው። ያኔ ነው የሚቀዳው። የወጣው ትርፍ ውሃ በርሜል ውስጥ ይጠራቀማል። ወደ ጎዳና ቦይ አይደፋም፤ በፍጹም።

አሁን ብልቃጡ። 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ብልቃጥ ነው። ከታች ጠብታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለው፤ ባክቴሪያው መንገድ ላይ ነዳጁን እንዳይበላው ነው። ስለዚህ አታለቅልቁት፤ አሲዱን ትደፉታላችሁ። ብልቃጡን ዘንበል አድርጋችሁ ውሃው በግድግዳው ላይ በቀስታ ይውረድ። ሲሞላ ቀጥ አድርጉት። ውሃው ከአፉ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደ ጉልላት ሲቆም ክዳኑን አጥብቁት። ከዚያ ገልብጡት። በጣታችሁ መታ መታ አድርጉት። ወደ ሰማይ አንስታችሁ እዩት። የአየር አረፋ ሽቅብ ከወጣ ያ ብልቃጥ አይሆንም። ቤንዚን ከውሃው ወጥቶ ወደ አረፋው ይገባል፤ ላብራቶሪው የሚያነበው ቁጥርም ከእውነቱ ያንሳል። ሌላ ብልቃጥ አንሱ። በብርድ ቀን ጣት ደንዝዞ ይህን መድገም እንደሚያስመርር አውቃለሁ። ይደገም።

አንዳንድ ቦታ ውሃው አሲዱን ሲነካ ይፈላል። ሜሪላንድ ውስጥ ፍሬድሪክ አካባቢ ከሥር የኖራ ድንጋይ ስላለ ይህ ያጋጥማል። እዚያ ምንም ብትጠነቀቁ አረፋው አይጠፋም። አሲድ የሌለው ብልቃጥ ተጠቀሙና ላብራቶሪው በ7 ቀን ውስጥ እንዲሠራው ንገሩ። አሲድ ያለው 14 ቀን ይቆያል።

ብልቃጦቹ ወዲያው በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ይግቡ፤ ከ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ ግን በረዶ ሳይሆኑ። ከላብራቶሪው ተሞልቶ የመጣው የንጹህ ውሃ ብልቃጥም አብሯቸው ይጓዝ፤ ሳይከፈት ሄዶ ሳይከፈት ይመለስ። እሱ ውስጥ ነዳጅ ከተገኘ ብክለቱ ከመንገዱ ወይም ከሳጥኑ ነው። ከአንዱ ጉድጓድ ደግሞ መንታ ናሙና ውሰዱ፤ ስሙን ለላብራቶሪው አትንገሩ። መንታዎቹ ከ30 በመቶ በላይ ከተራራቁ አንድ ነገር ተበላሽቷል። የርክክብ ወረቀቱ ላይ ማን፣ መቼ፣ ለማን እንዳስረከበ በሰዓቱ ይፈረም።

ሪፖርቱ ሲመጣ

ባለንብረቶች፣ ይህ ክፍል በተለይ ለእናንተ ነው። የመጨረሻውን ገጽ ማጠቃለያ ብቻ አትቀበሉ። የመስኩን ወረቀት፣ የርክክቡን ወረቀትና የላብራቶሪውን ሙሉ ውጤት ጠይቁ። ገንዘቡን የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ይገባችኋል።

አንደኛ፣ «አልተገኘም» የሚለውን ቃል ብቻውን አትመኑ። ከጎኑ ያለውን ቁጥር እዩ። ናሙናው በጣም የተበከለ ሲሆን ላብራቶሪው ውሃ ጨምሮ ያቀጥነዋል። 50 እጥፍ ካቀጠነው፣ ማየት የሚችለው ዝቅተኛ መጠንም 50 እጥፍ ከፍ ይላል። «ቤንዚን፦ ከ50 በላይ አልተገኘም» ማለት ውስጡ 40 ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ጣሪያው 5 ነው። ይህን እንደ ንጹህ ቆጥሮ ግራፍ ላይ ዜሮ ብሎ ያስቀመጠ ሪፖርት በእጄ ገብቶ ያውቃል። ባለቤቱ ቦታው ነጻ የወጣ መስሎት ደስ ብሎት ነበር። ላብራቶሪው ሳይቀጠን ወይም በትንሹ ተቀጥኖ እንደገና እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል፤ ጊዜው ካላለፈ።

ሁለተኛ፣ የውሃውን ከፍታና የቤንዚኑን ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ፣ አንዱን ከሌላው በላይ አድርጋችሁ ሳሉ። ደብተር ላይ በእጅ ቢሆንም ይበቃል። ነዳጁ ተጣብቆ የቀረበት የአፈር ንብርብር አለ። እዚህ አሜሪካ በብርዱ ወራትና በጸደይ ውሃው ከፍ ሲል ያንን ንብርብር ያጥበዋል፤ በብዙ ቦታ ቤንዚን ይጨምራል። በሙቀቱ ወራት መጨረሻ ውሃው ሲወርድ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ በአንጻሩ የተንሳፈፈ ነዳጅ ጉድጓዱ ውስጥ ብቅ ሊል ይችላል። ሌላ ቦታ ደግሞ ዝናቡ ያቀጥነውና ተቃራኒው ይሆናል። የእናንተ ቦታ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ቢያንስ ሙሉ ዓመት በየሩብ ዓመቱ ሲለካ ነው። ስለዚህ የሚያዝያን ቁጥር ከመስከረም ቁጥር ጋር አታወዳድሩ። ሚያዝያን ካምና ሚያዝያ፣ መስከረምን ካምና መስከረም ጋር አወዳድሩ። ደረቅ ዓመት ሲመጣ ብዙ ጉድጓድ ጥሩ መስሎ ይታያል። በደረቅ ዓመት ፋይል ይዘጋልን ብሎ ማመልከት ዝናቡ ሲመለስ ያሳፍራል።

ሦስተኛ፣ ተፈጥሮ ሥራዋን እየሠራች መሆኑን ኦክስጅኑ ይናገራል። ነዳጅ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ከብክለቱ ውጭ ያለው ጉድጓድ ብዙ ኦክስጅን፣ መሃሉ ላይ ያለው ግን ከ1 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ካሳየ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ የሟሟ ብረትና ሚቴን ከጨመረ፣ እየተበላ ነው። ይህ መልካም ዜና ነው። ግን ቤንዚኑ ራሱ ከዓመት ዓመት ካልወረደ ኦክስጅኑ ብቻ ዋስትና አይሆንም።

ከወረቀት የማይገኝም አለ። ቦታው አጠገብ ምድር ቤት ያለው ቤት ካለ ሄዳችሁ ሰላም በሉ። የነዳጅ ሽታ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። ትነቱ በስንጥቅ ገብቶ ሊጠራቀም ይችላል። ጠንካራ ሽታ ካለ መብራት ሳያበሩና ሳያጠፉ ይውጡ፤ ከውጭ ሆነው እሳት አደጋ ይጥሩ። የግል ጉድጓድ የሚጠጣ ጎረቤት ካለ ደግሞ የእሱ ውሃ ከእናንተ ጉድጓዶች ቀድሞ ይመርመር።

አገር ቤት ሆነው ይህን ሥራ ለሚሠሩ ወይም ለሚያስቡ ደግሞ ሁለት ነገር ልበል። አዲስ አበባ ከፊል ውሃዋን ከአቃቂ ጉድጓዶች ትጠጣለች፤ የድሮ ማደያዎችም ከተማው ውስጥ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለቤንዚን ያስቀመጠው መመሪያ 10 ማይክሮግራም በሊትር ነው። በእኛ አገር ዝናቡ በአንድ ወቅት ስለሚከማች የውሃው መውጣትና መውረድ ጎልቶ ይታያል። በዓመት ሁለቴ ብቻ ለመለካት አቅም ካለ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ግንቦት ላይ፣ ከዚያ ክረምቱ ሲወጣ መስከረም ላይ ይለካ። መቀሌና ድሬዳዋ የኖራ ድንጋይ ስላለ የአሲዱን ነገር አስታውሱ። ናሙና ወደ ሩቅ ላብራቶሪ የሚላክ ከሆነ ደግሞ በረዶውን መንገድ ላይ የሚተካ ሰው አስቀድሞ ይዘጋጅ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ክትትሉ ይብቃ ብሎ በጽሑፍ ካሳወቀ በኋላም አንድ ሥራ ይቀራል። ጉድጓዶቹ ክፍት ሆነው አስፋልት አይለበሱባቸው። ክዳኑ ሲሰበር ከላይ የፈሰሰ ዘይትና ነዳጅ በቀጥታ ወደ ውሃው የሚወርድበት ቱቦ ይሆናሉ። ፈቃድ ያለው ቆፋሪ ከታች እስከ ላይ በሲሚንቶና ውሃ ሲነካው በሚያብጥ ቤንቶናይት በሚባል ሸክላ ይሙላቸው። የሞላበትን ወረቀት ከቦታው ሰነድ ጋር አስቀምጡት፤ ቦታው ሲሸጥ ገዢው ይጠይቃል።